እማሆይን በካሜራ ስጠብቅ

እኔ ዘነበች ምን ነክቶኝ ዓሣ ነባሪ ጥበቃ እንደገባሁ ዛሬም ሳስበው ብቻዬን ያስቀኛል። ዋና አልችልም። ጀልባ ላይ የወጣሁት አንድ ጊዜ ነው፣ እሱንም ዓይኔን ጨፍኜ፣ የማላውቀው ሰው ክንድ ላይ ተንጠልጥዬ። ዓሣ ራሱ እሾኩን ፈርቼ በልቼ አላውቅም። ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት አያልፍም። ሳን ሆዜ ሆቴል ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ ኦክላንድ የሽማግሌዎች አፓርትመንት ገብቼ፣ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ድራማ የማይ ሴትዮ ነበርኩ። አርፌ ብቀመጥ ምን ነበረበት?

ጥፋቱ የሜሮን ነው። ሜሮን የልጄ ልጅ ናት። ማውንቴን ቪው ከተማ ሰው የሚቀናበት የኮምፒውተር ሥራ ይዛ የነበረች ልጅ፣ እሱን ትታ ኦክላንድ ወደቡ አጠገብ ዓሣ ነባሪ ከሚጠብቁ ሰዎች ጋር ገባች። እናቷ እስካሁን ይቅር አላለቻትም። ቤተ ክርስቲያን ሰው «ሜሮን የት ነው የምትሠራው?» ሲላት «ኮምፒውተር ላይ ናት» ትልና ወሬ ትቀይራለች።

አንድ ቀን ሜሮን መጥታ ሶፋዬ ላይ ዘፍ አለች። በነጻ የሚያግዟቸው ልጆች እየጠፉባቸው ነው። ስክሪን ላይ አፍጥጦ መዋል ይሰለቻቸዋል።

«እማማ፣ ዩ ዎች ቲቪ ኦል ዴይ» አለችኝ። «ካም ዎች አወርስ፣ የኛን እዪ።»

«እዛ ቤት ሻይ አለ?»

«ኦፍ ኮርስ።»

በሻይ ተታልዬ ገባሁ።

የመጀመሪያው ቀን አንገቴ ላይ ባጅ አንጠለጠሉልኝ። ፎቶዬ ውስጥ የተቆጣሁ እመስላለሁ። ከሥሩ «ትሬይኒ» ይላል፣ ተለማማጅ ማለት ነው። በዚያ ቤት ማዕረግ አለ፤ ትሬይኒ ሆነሽ ትገቢያለሽ፣ ከዚያ ኦብዘርቨር፣ ከዚያ ሲኒየር ኦብዘርቨር፣ ከዚያ ሺፍት ሊድ። ከሁሉም በላይ ዳያን አለች። ዳያን ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ ነባሪ ያጠናች፣ ፀሐይ ፊቷን የጠበሰው ቀጭን ሴት ናት። የሚስቅ ፊት አላት ግን አትስቅም። እንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለው እሷ ስታወራ በአንቺ ነው የምነግራችሁ፤ እንደ ንቀት አትዩባት።

ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ የወደቡን ክሬኖች ያሳያል። ጠረጴዛው ላይ ስክሪኖች ተደርድረዋል፣ ሁሉም ጥቁር። እኔ የጠፉ መስሎኝ «መብራት ሄዶ ነው?» አልኩ። ሜሮን በሳቅ ፈረሰች።

ለካ ካሜራው የሚያየው ሙቀት ነው። ደሴት ላይ ከፍ አድርገው ተክለውታል። ባሕሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ዓሣ ነባሪ ስትተነፍስ ትንፋሿ ሞቃት ነው፣ ጥቁሩ ላይ ቡፍ ብሎ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ነጭ ነገር ባየ ቁጥር አጭር ቪዲዮ ቆርጦ ያመጣልሻል። ያ ነጭ ነገር ዓሣ ነባሪ ይሁን፣ ወፍ ይሁን፣ የጀልባ አረፋ ይሁን የሚለየው ሰው ነው። ሰውየዋ እኔ ነኝ።

ሦስት ቁልፍ አለ። አረንጓዴው ዓሣ ነባሪ ናት ማለት ነው። ቀዩ አይደለችም ነው። ቢጫው አላውቅም ነው፤ እሱን ስትነኪ ወደ ሲኒየሯ ይሄዳል። አረንጓዴውን ስትነኪ ወዲያው መልእክቱ በአካባቢው ላሉት መርከቦችና ሰው ለሚያመላልሱት ፌሪዎች ይደርሳል፣ እነሱም ፍጥነት ይቀንሳሉ። መርከብ ዓሣ ነባሪን ከገጫት በኋላ ምንም ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ የዚህ ሥራ ነገሩ ሁሉ ቶሎ መሆኑ ላይ ነው። ትንፋሿን አይተሽ ስታስቢ ከቆየሽ፣ እሷ ሌላ ቦታ ደርሳለች።

በዚያው ቀን ነጭ ነገር ቡፍ ሲል አየሁ፣ ደስ አለኝ፣ አረንጓዴውን ወጋሁት። ሕንፃ የሚያህል መርከብ ፍጥነቱን ቀነሰ። ዳያን መጥታ ቪዲዮውን ደግማ አየችው።

«ይሄ ማዕበል ነው፣ ድንጋይ መትቶ ነው» አለችኝ።

«ታዲያ መርከቡ ትንሽ ቢያርፍ ምን አለበት?»

«ሁለት ሦስት ጊዜ በውሸት ካቆምናቸው በእውነቱ ጊዜ አይሰሙንም። ካላወቅሽ ቢጫውን ንኪ። ቢጫ የተሠራው ለዚያ ነው።»

ከዚያ በኋላ ጣቴ ቢጫው ላይ ተለጠፈ። ፔሊካን ወፍ ቢጫ፣ የባሕር አንበሳ ቢጫ፣ ጀልባ ቢጫ። ሲኒየሯን እጅ እጅ አልኳት። ቀስ እያልኩ ግን ገባኝ። ማዕበል ከላይ ወደ ታች ይወድቃል። ትንፋሽ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ነፋስ ይዞት ወደ ጎን ይሄዳል። ወፍ ክንፉን ያራግባል። ጀልባ ጭራ አለው። ይሄንን ከለየሽ ሥራውን ያዝሽው። በጸደዩ ኦብዘርቨር አሉኝ፣ አዲስ ባጅ ሰጡኝ። ፎቶው ያው የተቆጣው ነው።

ወደ እኛ ባሕር የሚገቡት በብዛት ግራጫዎቹ ናቸው። ክረምቱን ሜክሲኮ በኩል ይከርማሉ፣ እዚያ ይወልዳሉ፣ ከዚያ አላስካ ድረስ ይጓዛሉ። በዚህ ሁሉ መንገድ ምንም አይበሉም ማለት ይቻላል። የሚጾሙት አላስካ እስኪደርሱ ነው። ዳያን ይሄን ስትነግረኝ እኛ ሁዳዴ ላይ ነበርን።

«ቅቤ ይበላሉ?» አልኳት ለተንኮል።

«ዓሣ ነባሪ ቅቤ አይበላም።»

«ኦርቶዶክስ ናቸው በያ።»

አልሳቀችም። ሜሮን ብታስረዳትም አልሳቀችም።

አንዳንዶቹ ጾሙ አቅም ያሳጣቸዋል። መንገድ ላይ ሲደክሙ በወርቃማው ድልድይ ሥር ከውቅያኖሱ ወደ ውስጥ ይገቡና ጭቃ እየዛቁ የሚቀመስ ይፈልጋሉ። ችግሩ የሚፈልጉበት ቦታ መርከብ፣ ፌሪና ጎታች ጀልባ የሚተራመስበት መሆኑ ነው።

ያን ሰሞን አንዲት ሴት ዓሣ ነባሪ ገባች። ካሜራችን ትንፋሽ እንጂ መልክ አያሳይም፤ መልኳን ያመጡልን በጀልባ ወጥተው ፎቶ የሚያነሱት ልጆች ናቸው። ግራጫ፣ አጥንቷ የገጠጠ፣ ቀኝ ጎኗ ላይ ነጭ ጠባሳ ያላት። ዳያን ፎቶውን ስክሪን ላይ አስፍታ የዓሣ ነባሪዋን አንገት በጣቷ አሳየችን። ከአንገቷ በስተኋላ ጎድጓዳ ሆኗል፤ እዚያ ጋ ስብ ነበር የሚኖረው።

«ይቺ ከጎረሰች አላስካ ትደርሳለች» አለች። «ከተገጨች ግን የምትቋቋምበት አቅም የላትም።»

እነሱ ቁጥር ሰጧት። እኔ እማሆይ አልኳት። ግራጫ ለብሳ፣ ከስታ፣ ጾሟን ይዛ ብቻዋን የምትዞር ሌላ ምን ትባላለች? በሳምንቱ ዳያን ራሷ «ዌር ኢዝ እማሆይ?» እያለች ትገባ ጀመር።

እማሆይ ከገባች ትንሽ ቆይቶ ሌላ አንድ ወንድ ዓሣ ነባሪ ሞቶ ዳር ወጣ። እኛ አላየነውም ነበር፤ ጉም ነበር፣ በጉም ካሜራው አይሠራም። ዳያን ሄዳ አየችው። ጀርባው ተሰብሯል። ተመልሳ ጫማዋን ውጪ አውልቃ ገባችና «እማሆይ በሕይወት እንድትወጣ እፈልጋለሁ» አለች።

አሁን ስለ ስልኩ ልንገራችሁ።

መልእክቱ በኮምፒውተር ይሄዳል ብያለሁ። ግን ቴክስት የማያዩ ካፒቴኖች አሉ። ለእነሱ ኦብዘርቨሩ ይደውላል። የሚባለው ሦስት ነገር ነው፤ ምን እንዳየሽ፣ የት እንዳየሽ፣ ወዴት እየሄደች እንደሆነ። ሜሮን እንግሊዝኛውን እንደ ጸሎት አስጠናችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንዱ ጎታች ጀልባ ደውዬ፣ ያጠናሁትን ትንፋሽ ሳልወስድ ለቀቅሁት።

ከወዲያ ማዶ ወፍራም የወንድ ድምፅ፣ «ይቅርታ፣ ሐበሻ ነዎት እንዴ?»

«በምን አወቁ?»

«ኧረ እመቤቴ፣ ይሄ እንግሊዝኛ ከሌላ ከየት ይመጣል!»

ጋሽ ክፍሌ ይባላሉ። ምጽዋ ባሕር ኃይል የነበሩ ሰው ናቸው። ከዚያ ወጥተው፣ በስንቱ አገር ዞረው፣ ኦክላንድ ወደብ ላይ ጎታች ጀልባ ካፒቴን ሆኑ። ሞተር የሌለውን ትልቁን የጭነት ታንኳ፣ ባርጅ የሚሉትን፣ እሳቸው ናቸው የሚጎትቱት። እሳቸው የሚመላለሱበት መንገድና እማሆይ ጭቃ የምትዝቅበት ቦታ አንድ ነው። ቴክስት አያዩም። «ባሕር ላይ ሆኜ ስልክ የማነብ ሸማኔ ነኝ?» ይላሉ። ሸማኔ ስልክ እንደሚያነብ የሰማሁት ከእሳቸው ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የጋሽ ክፍሌ ስልክ የእኔ ሆነ። መቼም የእኛን ነገር ታውቁታላችሁ። ሰው ስልክ አንስቶ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ አይገባም። እንዴት አደሩ ይባላል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይባላል፣ ጉልበት ይጠየቃል፣ ወገብ ይጠየቃል፣ ልጆች ይጠየቃሉ። ካልጠየቅሽ ተጣልተሻል ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ የጠየቅኳቸውን ሁሉ መልሰው ይጠይቁኛል። ከዚያ በኋላ ነው ዓሣ ነባሪዋ የምትነሳው።

ሜሮን ጆሮዋን ወደ እኛ አድርጋ ትሰማ ነበር። «እማማ፣ ዘ ዌል ኢዝ ኢን ሃዋይ ባይ ናው» ትለኛለች።

«ዝም በይ፣ ባለጌ» እላታለሁ።

አንድ ጠዋት ባሕሩ እንደ ዘይት ጸጥ ብሏል፣ ነፋስ የለም፣ ለካሜራ የሚመረጥ ቀን። ቤይ ብሪጅ ከሚሉት ከሌላኛው ድልድይ ወዲህ ትንፋሽ ወጣ። አጭር፣ ሰፊ። ያን ሰሞን በዚያ በኩል ያለችው እማሆይ ብቻ ናት። አረንጓዴውን ነካሁ። በሌላው ስክሪን የጀልባዎቹ ካርታ አለ፤ የጋሽ ክፍሌ ጀልባ ባርጁን እየጎተተ ወደዚያው እየመጣ ነው። ደወልኩ።

«ጋሽ ክፍሌ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን! እርስዎስ እንዴት አደሩ ወይዘሮ ዘነበች?»

«ይመስገን። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?»

«ተሻለኝ፣ ያ ቅባት ጥሩ ነው። የእርስዎስ ወገብ?»

«አለ እንግዲህ፣ ከእኔ ጋር ያረጃል። ልጅዎ ከሳን ሆዜ መጣች?»

«መጣች፣ መጣች! ከነባሏ። ባልየው እንኳን…»

ስክሪኑ ላይ ትንፋሿ እንደገና ወጣ፣ አሁን ቀረብ ብሎ። ዳያን ከኋላዬ ቆማለች። አማርኛ አታውቅም፣ ካርታ ግን ታነባለች።

«ነገርሽው?»

«እየደረስኩ ነው» አልኳት። ባልየው ሽሮ እንደማይወድ ሰማሁና «ጋሽ ክፍሌ፣ እማሆይ ከፊትዎ ናት» አልኩ።

«የት?»

«ከድልድዩ ወዲህ። ወደ እርስዎ እየመጣች ነው።»

አንድ የባሕር ኃይል ስድብ ሰማሁ፤ እዚህ አልደግመውም። የሞተሩ ድምፅ ተቀየረ። ግን ባርጅ ቁም ስላሉት አይቆምም። ክብደቱ ይገፋዋል። ትንፋሿ የነበረበት ቦታ ላይ እያየነው አለፈበት።

ከዚያ ምንም የለም። ጥቁር።

ግራጫ ዓሣ ነባሪ ጠልቃ መቆየት ትችላለች፤ ሁላችንም እናውቃለን። ማወቁ አልረዳንም። ጋሽ ክፍሌ ስልኩን አልዘጉም፤ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ቪዲዮ መጣ፤ ፔሊካን፤ ቀይ። ሌላ መጣ፤ የባርጁ አረፋ፤ ቀይ። ሜሮን ትከሻዬን ይዛለች፣ ጥፍሯ ገብቷል። ሦስተኛው መጣ። ከባርጁ ኋላ፣ ትንሽ፣ ከታች ወደ ላይ።

አረንጓዴ።

ዳያን ወንበር ሳትፈልግ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

በኋላ ጠራችኝ። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ነጠላዬን አጥብቄ ገባሁ። አልጮኸችም።

«ከካፒቴኑ ጋር ምን ስትነጋገሩ ነበር?»

«እንዴት እንደሆነ ስጠይቀው።»

«ታሟል እንዴ?»

«አልታመመም።»

«ታዲያ ለምን ትጠይቂዋለሽ?»

ነጠላዬን ፈትቼ እንደገና አጣፋሁ።

«ሁለተኛ እንደዚህ ከሆነ ሌላ ሰው ይደውልለታል» አለች። «ሌላ ሰው ሲደውል ደግሞ አያነሳም። ስለዚህ አስቢበት። እማሆይ በሁለታችሁ መሃል ናት ያለችው።»

አሰብኩበት። በማግስቱ እማሆይ ከሩቅ ብቅ ስትል፣ ጋሽ ክፍሌ ገና ወደቡ ውስጥ ሳሉ፣ ለልምምድ ብዬ ደወልኩ።

«ዓሣ ነባሪ። ከድልድዩ በስተምሥራቅ። ወደ ደቡብ» አልኩ።

«ወይዘሮ ዘነበች?»

«አቤት።»

«ምነው፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉም።»

«ታዲያ ሰላምታ የነፈጉኝ ምነው? የትናንቱን ተቀይመውኝ ነው?»

«ኧረ በፍጹም!»

«አይ፣ ድምፅዎም ልክ አይደለም። እኔ እንደሆነ ሌሊቱን አልተኛሁም፣ ያቺን እንስሳ ገድዬ ቢሆን ኖሮ…»

እሳቸውን ለማባበል የፈጀሁት ከሰላምታው እጥፍ ሆነ። ሜሮን ጠረጴዛው ላይ ግንባሯን ደፍታ ትንቀጠቀጣለች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ስትስቅ ነው።

በስልክ የሚፈታ ነገር እንዳልሆነ ገባኝ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቴሜስካል ሰፈር አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ቀጠርኳቸው። በአካል ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። አጭር ሰው ናቸው። ያ ሁሉ ድምፅ ከየት እንደሚወጣ እንጃ። የጾም በያይነቱ አዘዝንና የዳያንን ጥያቄ ነገርኳቸው። ስቀው ጨረሱና አሰብ አደረጉ።

«ባሕር ኃይል እያለን» አሉ፣ «ጠዋት ተሰልፈን ሰላምታ እንሰጥ ነበር። አንዴ ከተሰጠ፣ ቀኑን ሙሉ ትእዛዝ ነው። ማንም አዛዡን ወገብዎ እንዴት ነው አይልም።»

«እኔና እርስዎ የት እንሰለፋለን?»

«እዚሁ። የሳምንቱን ሰላምታ እሁድ እሁድ እንጨርሰው። በስልክ ጉዳዩ ብቻ።»

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሰውየው የምራቸውን ነው። እንጀራቸውን ወደ ጎን አድርገው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ሰኞ እንዴት አደሩ፣ ወይዘሮ ዘነበች?»

«ሰኞ… ደህና የማድር ይመስለኛል። እርስዎስ?»

«እግዚአብሔር ያውቃል። ማክሰኞስ?»

«ማክሰኞ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ፣ ትንሽ ይከፋኛል።»

«አይዞዎት። ረቡዕስ?»

«ረቡዕ ውጤቱን ስለምሰማ ሌሊቱን አልተኛም።»

«እንግዲያው የረቡዑን ጠበቅ አድርጌ ልጠይቅዎት» አሉና ስለ ወገቤ፣ ስለ ደም ግፊቴ፣ ስለ ልጄና ስለ ሜሮን አንድ በአንድ ጠየቁ። እኔም የእሳቸውን ጉልበት ለእያንዳንዱ ቀን ጠየቅኩ። አስተናጋጇ ልጅ ሻይ ይዛ ቆማ ትሰማለች።

«እማማ፣ ምን እየሠራችሁ ነው?» አለችን።

«ዓሣ ነባሪ እየጠበቅን ነው» አሏት ጋሽ ክፍሌ። ልጅቷ ሻዩን አስቀምጣ ሄደች።

ረቡዕ መጣ። እውነትም አልተኛሁም ነበር። ጠዋት ገና ወንበሬን ሳስተካክል እማሆይ ወደቡ አፍ ላይ ተነፈሰች። እንደዚያ ገብታ አታውቅም። ጋሽ ክፍሌ የተጫነውን ባርጅ ይዘው እየወጡ ነው። ያ ቦታ ጠባብ ነው፤ ወደ ጎን ማለት የለም። አረንጓዴውን በግራ እጄ፣ ስልኩን በቀኝ።

«አቤት።»

«እማሆይ። የወደቡ አፍ። ወደ እርስዎ።»

«ገባኝ።»

ዘጉት። በዕድሜዬ ሐበሻ ስልክ እንደዚህ ቶሎ ሲዘጋ ያየሁት ያኔ ነው። ካርታው ላይ ጀልባቸው ሲዘገይ አየሁ፣ ከዚያ ሲቆም፣ ከዚያ ባርጁን ተጠግቶ ወደ ኋላ ሲይዘው። በሬድዮ ለሌሎቹም ነግረዋል፤ ከኋላ ይመጣ የነበረው ፌሪም ቆመ። ትንፋሿ ወጣ። ጠፋ። እንደገና ወጣ፣ በጀልባቸው ጥግ፣ ከዚያ አለፋቸው፣ ከዚያ ወደ ሰፊው ባሕር ዞረ። እያንዳንዱን አረንጓዴ አልኩት። ዳያን ከኋላዬ ቆማ ነበር፣ ዛሬ አልተቀመጠችም።

ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጮኸ።

«አየኋት!» አሉ ጋሽ ክፍሌ። «በዓይኔ አየኋት! አፍንጫዬ ሥር ተነፈሰች። ወይዘሮ ዘነበች፣ ሽታዋ! እማሆይ አይደለችም፣ የተረሳ የጎመን ድስት ናት!»

«ነፍሷን ይማር አይበሉ ብቻ።»

«አልልም፣ በሕይወት አለች። በሉ አሁን፣ ውጤቱ ምን አለ?»

«ስመጣ መንገድ ላይ ደውለው ደህና ነው አሉኝ። የሚያስፈራ ነገር የለውም።»

«እሰይ!» አሉና ዘጉ። ሥራ ላይ ናቸው።

እማሆይ ከዚያ በኋላም ቆየች። ፎቶ የሚያነሱት ልጆች ሁለት ጊዜ አገኟት፤ ያ ከአንገቷ ኋላ የነበረው ጉድጓድ ትንሽ ሞልቷል አሉ። ፋሲካ አልፎ አንድ ቀን፣ ወርቃማው ድልድይ ጋ የተተከለው ሌላው ካሜራ ወደ ውጪ የሚሄድ ትንፋሽ ያዘ። የፎቶ አንሺዎቹ ጀልባ ተከትላ ወጣችና ጠባሳውን አይታ በሬድዮ ነገረችን። ዳያን «ወጣች» አለች፣ ከዚያ ወደ ሌላው ስክሪን ዞረች፣ ሌላ ገብቶ ነበርና። አላስካ ትድረስ አትድረስ አላውቅም። የእኛ ካሜራ እዚያ አይደርስም።

ሲኒየር ኦብዘርቨር ሆኛለሁ። አሁን ቢጫው የሚመጣው ወደ እኔ ነው። እኔንም እጅ እጅ ይለኛል። ከጋሽ ክፍሌ ጋር እሁድ እሁድ ሰላምታችንን እንጨርሳለን፤ አሁን ሰው ለምዶ ወንበር ይይዝልናል። ከዚህ ሥራ የተማርኩትን አዲስ ለምትገቡት ልናገር። ዓሣ ነባሪ ስታዩ መጀመሪያ የት እንዳለች ተናገሩ። ሌላው ወሬ ሁሉ ቆይቶ ይደርሳል፤ እሷ ግን አትቆይም።

ሲኒየር የሆንኩ ዕለት ወደ ቤት ስገባ ኮሪደሩ ላይ ጎረቤቴን ወይዘሮ አስካለን አገኘኋት። ከገበያ መምጣቷ ነው፣ በሁለት እጇ ፌስታል ይዛለች። ይሄን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ ስለ ካሜራው፣ ስለ ሦስቱ ቁልፎች፣ ስለ ባርጁ፣ ስለ እሁዱ ሰላምታ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«እንግዲህ» አለች፣ «ለዓሣ ነባሪ በሦስት ቃል የምትናገሪ ሴትዮ፣ እኔን በር ላይ አቁመሽ አይስክሬሜን አቀለጥሽው።»